ሦስቱ ሜዳ የተዘጋበት ሐሙስ

መንበሩ ቤት፣ ማማዱ ውስጥ፣ ከትርፍ ፍራሾቹና ከሚስቱ ከዘሪቱ የስፌት መኪና መካከል፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ቀንም ሌሊትም እያጉረመረመ ይሠራል። ማማድ ሮኬት ሲተኮስ ቤተሰብ የሚሸሸግበት፣ ግድግዳው ወፍራም ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት የሆነ ክፍል ነው። እስራኤል አገር፣ ኪርያት ማላኪ ከተማ ውስጥ፣ ሌሎች ሰዎች ሰላም በሆነ ጊዜ ልጅ ያስተኙበታል፣ ሽንኩርት ያስቀምጡበታል። መንበሩ ሰርቨር አስቀመጠበት።

ሰርቨር ምን እንደሆነ ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው። «ሰው የሚጽፈው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጥ። ፌስቡክ ላይ የጻፍከው የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ሰው ሣጥን ውስጥ ነው። እኛ የምንጽፈው ግን እኔ ቤት ነው። መጥተህ ልትነካው ትችላለህ።» አንዳንዶች እውነትም መጥተው ነክተውታል። ይሞቃል።

መንበሩ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ መጣ፤ ቤኤር ቱቪያ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ሲቆጥር ሃያ ዓመት አለፈው። ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር ይመርጣል፤ ሰው ፊት ተናገር ሲሉት ላብ ያጠምቀዋል። ኮምፒውተር ያስተማረው የለም። የመጋዘኑ ቢሮ የሚጥላቸውን ማሽኖች እየለመነ ወደ ቤት ወሰደ፤ ሁለቱን አቃጥሎ በሦስተኛው ተማረ። ጽሑፍ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ጽሑፍ ላይ አስተያየት አለው።

ማኅበር ማለት፣ ይላል ሲጽፍ፣ ለቅሶ ቤት ብትገባ በስምህ የሚጠራህ ሰው ስብስብ ነው፤ ከሁለት መቶ ሰው ካለፈ አውቶቡስ ጣቢያ ይሆናል። በቴሌቪዥን የሚታየው ኳስ ንግድ ነው ይላል፤ ኳስስ ዓርብ ጠዋት ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው የሚሮጡ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰዎች ኳስ ነው። ደግሞም ጎል ሲመዘገብ ካገባው በፊት ያቀበለው ስም መጻፍ አለበት። በዚህች ነገር ብቻ ከገዴራ ከተማ ቡድን ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ተከራክሯል። እሱ ራሱ ኳስ ሲመታ ሰው ይስቃል።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ድረ ገጽ «ሦስቱ ሜዳ» ይባላል። በኪርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ያሉ የእኛ፣ የቤተ እስራኤል ሰዎች የአንጋፎች ቡድን አላቸው፤ ዓርብ ዓርብ በየተራ ይጋጠማሉ። ውጤቱ፣ ፎቶው፣ ስድቡ፣ የሠርግ ጥሪው፣ ከጎንደር የሚመጣው ድምፅ ሁሉ እዚያ ይገባል። አባላቱ መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው። ፊት ገጹ ላይ መንበሩ ከስድስት ዓመት በፊት የጻፈው ደንብ ነበር፦ «እዚህ የተጻፈውን ማንም አያጠፋም። ይህን በር ማንም አይዘጋም።»

ለምን ቤቱ ሰርቨር እንዳስቀመጠ ግን የትም አልጻፈም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ አገር ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለሌላ ሰው ይደርሳል፤ ያ ሰው አፉን ይዞ ዘመድ ያሰባስባል፤ ባለ ሐዘኑ በልቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ ብዙ ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። አንድ ሰው ብቻውን አያረዳም። ሰውየው ሲወድቅ የሚይዙት እጆች እንዲኖሩ ነው። የመንበሩ አባት እስራኤል ለመግባት ፈቃድ ሲጠብቁ ጎንደር ውስጥ ሞቱ። መንበሩ ያወቀው ግን በምሳ ሰዓት፣ መጋዘኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ፌስቡክ ላይ ነው። ከላይ የጫማ ማስታወቂያ፣ ከታች ጎል የሚያሳይ ቪዲዮ፣ መካከል ላይ የአባቱ ፎቶና የሻማ ምስል። እስከ ማታ ካርቶን ቆጠረ። በማግሥቱ ንጋት ዘመዶቹ በሩን ሲያንኳኩ፣ እንዳያፍሩበት ብሎ እንዳልሰማ ሆኖ ተረዳ። ያኔ ነው ፌስቡክን ትቶ ላፕቶፑን ማማድ ያስገባው።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም አንድ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንበሩ በዚያው ደረጃ ላይ ዳቦውን ይዞ ተቀምጦ ስልኩን ከፈተ። በማግሥቱ የዓመቱ ፍጻሜ ነበር፤ ኪርያት ማላኪ ከገዴራ፣ በያቭኔ ሜዳ። ወሬው ሁሉ ስለ አሰላለፍ ነው። ከወሬው መጨረሻ የገዴራ ቡድን አደራጅ ሳጊ በዕብራይስጥ እንዲህ ጽፏል፦ «ወንድማችን አለምነህ፣ በእህትህ በጠጅቱ ሞት በጣም አዝነናል። የነገው ጨዋታ መታሰቢያዋ ይሁን።»

ዳቦው ከመንበሩ እጅ ወደቀ።

አለምነህ የኪርያት ማላኪ በረኛ ነው፣ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ከመንበሩ ጋር በአንድ ሕንፃ ይኖራል። ጠጅቱ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጎንደር ሆና ተራዋን ስትጠብቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሐሙስ ሐሙስ በልጇ ስልክ ድምፅ ቀርጻ በሦስቱ ሜዳ በኩል ትልክለታለች። አለምነህ የሚይዘው ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው፤ ዋትስአፑንም ፌስቡኩንም ትቷል። ያስተወው ደግሞ መንበሩ ነው። «ከአውቶቡስ ጣቢያው ውጣ» ብሎ፣ ታብሌት ገዝቶ፣ ሦስቱ ሜዳን ብቻ ጭኖለት። ስለዚህ ክፉ ወሬ ወደ አለምነህ ቤት የሚገባበት በር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የመንበሩ በር ነበር።

መንበሩ አየ፦ አለምነህ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ጠዋት ወደ ሥራ ሳይሄድ ነው። ሳጊ የጻፈው አሁን፣ ከዐሥር ደቂቃ በፊት። ገና አላነበበም ማለት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ከሥራ ይመለሳል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ታብሌቱን ይከፍታል።

ጽሑፉን አጠፋው። ስድስት ዓመት ያላደረገውን። ስልኩን ኪሱ ሳይከት አንድ የያቭኔ ሰው የሻማ ምስል ለጠፈ። እሱንም አጠፋ። ሌላው «የሳጊ ጽሑፍ የት ሄደ? ስለ ጠጅቱ የጻፈው» ብሎ ጠየቀ። ወዲያው ወደ ቤት ደወለ።

«ዘሪቱ፣ ማማዱ ግቢ። የሰርቨሩን ገመድ ንቀይው።»

ሚስቱ ደነገጠች። «አንተ ሰው፣ ደኅና ነህ?»

«ከግድግዳው የገባውን ጥቁሩን።»

«ስድስት ዓመት ይህ ነገር ይነቀል እያልኩ፣ እንዲህ ድንገት ከነቀሉት ዲስኩ ይበላሻል፣ በወጉ ነው የሚጠፋ እያልክ ለመጥረጊያ እንኳ ሳታስጠጋኝ፣ ዛሬ ምን...»

«ንቀይው አልኩሽ!»

በስልኩ ውስጥ ማራገቢያው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ዝም ሲል ሰማው።

«ነቀልኩት። ምንድን ነው?»

«የአለምነህ እህት።»

«ውይ!» አለች ዘሪቱ። «ውይ፣ ውይ፣ ውይ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦ «ሰምቷል?»

«አልሰማም። እንዳይሰማ ነው።»

ቀጥሎ ለሳጊ ደወለ። ሳጊ ከኢትዮጵያ በሁለት ዓመቱ የመጣ ሰው ነው፤ ልቡ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን ከልቡ ይቀድማል።

«ፖስቴን ያጠፋኸው አንተ ነህ?» አለ ሳጊ ገና ሳይጠየቅ። «ማንም አያጠፋም ብለህ የጻፍክ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሰውየው እኮ አልተረዳም!»

«ምን ማለት ነው አልተረዳም? እህቱ ናት። እሱ ሳያውቅ እኔ እንዴት ላውቅ እችላለሁ?»

በሳጊ ሐሳብ ወሬ ቀድሞ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ መጨረሻ እንዲሰማ ከተማ ሙሉ ሰው አፉን እንደሚይዝ መንበሩ እንዴት ብሎ በስልክ ያስረዳው?

«ለማንም አትናገር» አለው ብቻ። «እስከ ነገ።»

ወዲያው ከያቭኔ አባ መንገሻ ደወሉ። የአለምነህ አጎት ልጅ ናቸው፤ የጎንደሩ ስልክ የደረሰው ለሳቸው ነበር።

«ነገ ንጋት በአሥራ አንድ ተኩል ከበሩ እንገናኛለን» አሉ። «የገዴራዎቹም ይመጣሉ። ሰንበት ሳይገባበት ለቅሶውን ይቀመጥ። እስከዚያ በልቶ ይደር። የዚያ ነገር ቁልፉ አንተ እጅ ነው አሉኝ።»

«አዎ አባ።»

«እንግዲያው ያዘው።»

«አባ፣ የነገው ጨዋታስ?» አለ መንበሩ። አሳቡ የሄደበትን ሲያውቅ ጆሮው ድረስ ጋለ። አባ መንገሻ ስልኩን ዘጉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መንበሩ ቤቱ ገብቶ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በሩ ተንኳኳ። አለምነህ ነው። በአንድ እጁ የብሎን መፍቻ ሳጥን፣ በሌላው ታብሌቱን ይዟል።

«ሞተ እንዴ?» አለ።

መንበሩ ክው አለ። «ማን?»

«ሰርቨርህ ነዋ! ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እመታለሁ፣ እመታለሁ፣ አይከፈትም። ያላ፣ በል ክፈተው እንየው። ነገ ፍጻሜ ነው፤ ገዴራዎች ማንን እንደሚያሰልፉ ሳላይ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ተበላሽቷል። ተወው፣ እኔ አየዋለሁ።»

«ብቻህን? ባትሪ ማን ይይዝልሃል?» ብሎ በጎኑ አልፎት ማማዱ ገባ፤ መንበሩ ተከተለው። አለምነህ ፍራሾቹ ላይ ሲቀመጥ ሰፊ ጀርባው የብረቱን በር ወደ ኋላ ገፋው። በሩ ተዘጋ። ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ በብረት በተከደነበት፣ መንበሩ ሊሸሸው ከሚፈልገው ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተፋጠጠ።

አለምነህ ዙሪያውን አየና ሳቀ። «አንተ! ገመዱ እኮ ተነቅሏል!»

ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሣ።

«አትንካ!»

መንበሩ በሕይወቱ እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ወጥ ቤት ያለችው ዘሪቱ ክዳን ወደቀባት። አለምነህ ገመዱን እንደ እባብ ለቀቀው።

«ኤሌክትሪክ... ይዟል» አለ መንበሩ። «ሣጥኑ ኤሌክትሪክ ይዟል። ለዚያ ነው የነቀልነው።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ አትነግረኝም? ልቤን አወጣኸው።»

ከዚያ ወዲያ መውጫ አልነበረውም። ውሸቱ እውነት መምሰል ነበረበት። መንበሩ ደኅናውን ላፕቶፕ ገለበጠ፤ ዐሥራ አንዱን ብሎን አንድ በአንድ ፈታ፤ ምንም ያልሆነውን ማራገቢያ በብሩሽ ጠረገ። አለምነህ ባትሪ ያበራል። ላቡ ከመንበሩ አፍንጫ ወደ ማሽኑ ይንጠባጠባል።

«ምን ሆነሃል፣ ላብ አጠመቀህ» አለ አለምነህ።

«ምሳ አልበላሁም። አንተስ በላህ?»

«በላሁ። ይህን ስትጠይቀኝ ሁለተኛህ ነው።»

በመጨረሻ ዲስኩን አወጣው፤ የእጅ መዳፍ የማታክል ጠፍጣፋ ብረት። አለምነህ ተቀብሎ መዳፉ ላይ አስቀመጣት።

«ሁሉም ነገር እዚች ውስጥ ነው?»

«ሁሉም።»

«የጠጅቱም ድምፅ?»

መንበሩ ብሎን የጠፋበት መስሎ ወለሉን ዳበሰ። «እሱም።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው እኮ» አለ አለምነህ። «ሳትልክ አትቀርም። ምን ትለኛለች መሰለህ? ሁልጊዜ አንድ ነው። ‹ያንን የጎል አጥር አሁንም ትጠብቃለህ? አጥር እየጠበቅህ ልታረጅ ነው ወይ?› ብላ ትስቅብኛለች። በረኛ መሆኔ አይገባትም። ፍየል የምጠብቅ ይመስላታል።» ብቻውን ሳቀ። «ዛሬ ባትከፍተው ነገ ትከፍተዋለህ፤ አይጠፋም አይደል?»

«አይጠፋም» አለ መንበሩ። ይህን ሲል ገና አልዋሸም ነበር፤ ገመዱ ድንገት መነቀሉ ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ሲነቀል ዲስክ ሊሞት እንደሚችል ለመቶ ሰማንያ ስድስት ሰው ስንት ጊዜ ጽፏል።

በሩ ተከፈተና ዘሪቱ ትሪ ይዛ ገባች። አለምነህ አሸተተ።

«ዶሮ? በሐሙስ? ዘሪቱ፣ የሰንበቱን ዶሮ ነው የምታበይኝ?»

«ብላ ወንድሜ።»

«ሰርቨር ሲበላሽ እንዲህ ከሆነማ በየሳምንቱ ይበላሽ!»

ዘሪቱ «ጨው ረሳሁ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። አለምነህ በላ። ሁለት እግር፣ አንድ እንቁላል። መንበሩ እየቆረሰ ያጎርሰው ጀመር፤ አለምነህ እየሳቀ «ዛሬ ምን ነካህ፣ ሙሽራ አደረግኸኝ» እያለ ጎረሰ። ማማዱ ይሞቃል። መንበሩ በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ግልጽነት የጻፈው ሁሉ፣ ማንም የሌላውን ዓይንና ጆሮ በእጁ መያዝ የለበትም ያለው ሁሉ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ላይ ትዝ ይለው ነበር። እጁ ግን ማጉረሱን አልተወም።

አለምነህ ሲወጣ የመንበሩን ትከሻ መታ። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ነገ ሜዳ ላይ እንገናኝ። ያቀበለውን ስም ማስቀደም እንዳትረሳ።»

በማግሥቱ ንጋት በአሥራ አንድ ተኩል ዐሥራ አራት ሰዎች ከአለምነህ ደጃፍ ቆሙ። የአለምነህ ሚስት ማታውኑ ተነግሯት፣ ፊቷን ከባሏ ሸሽጋ አድራለች። ሳጊም ከገዴራ መጥቷል፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ከታችኛው ደረጃ ቆሟል። አባ መንገሻ አንኳኩ።

አለምነህ የቡድኑን ማልያ ለብሶ ከፈተ። አባ መንገሻን አየ። ከጀርባቸው ያሉትን አየ። ዓይኑ አንድ በአንድ እያለፈ መጨረሻ ላይ ከኋላ የቆመውን መንበሩን አገኘ። እዚያ ቀረ።

«ዶሮው» አለ አለምነህ።

ከዚያ በኋላ ነው የወደቀው። ያዙት።

ጨዋታው ቀረ። መንበሩ ቤቱ ተመልሶ ብሎኖቹን ገጠመ፣ ገመዱን ሰካ። ዲስኩ ሁለት ጊዜ ጠቅ አለና ተነሣ። የጠጅቱ ድምፅ ሁሉ ነበር፤ መቶ ስልሳ ሁለት ሐሙስ። የዚያን ሐሙስ ብቻ አልነበረም።

በለቅሶው አምስተኛ ቀን አለምነህ መንበሩን አስጠራው። መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ጺሙ አድጓል። አባ መንገሻም አጠገቡ ናቸው።

«ስላደረግህልኝ እግዜር ይስጥህ» አለ አለምነህ። «በዚያ ታብሌት አንብቤው ቢሆን ኖሮ ብቻዬን ነበርኩ። ከዛሬ ወዲያ ግን በዕድል አይሁን። ሰው የሚጽፈውን መጀመሪያ አንተ አንብበው። ከዚያ ለሌላው ይውጣ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም» አሉ አባ መንገሻ። «እኛም እንዲያው ተነጋግረናል።»

መንበሩ ሊመልስ ፈለገ። የመቶ ሰማንያ ስድስት ሰው አፍ በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን እንደሚመጣ፣ ከፌስቡክ የሸሸው ለዚሁ እንደሆነ፣ ሊጽፈው ቢሆን ሦስት ገጽ ይሞላ ነበር። ክፍሉ ሰው ሞልቷል። ላቡ መጣ።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለ።

በዚያው ቀን ደንቡን ከፊት ገጹ አነሣው። በምትኩ ምንም አልጻፈም።

በቀን ስልሳም ሰባም ጽሑፍ ይመጣል። መንበሩ ካርቶን እየቆጠረ ያነባል፤ ሽንት ቤት ገብቶ ያነባል። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሊት «ወይ ስልኩን፣ ወይ ካርቶኑን ምረጥ!» ብላ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቃዋለች። አሽዶድ ባሕር ዳር ከዘሪቱ ጋር ሄደው እሷ እግሯን ስታረጥብ እሱ መኪና ውስጥ ስለ ገዴራ ፍጹም ቅጣት ምት አርባ መልእክት አሳለፈ። ትንሽ ቢዘገይ ይጽፉበታል፦ «መንበሩ ተኝተሃል ወይ? ስድቤ ሳይበርድ አሳልፍልኝ!» ስድብ ነው፣ ፎቶ ነው፣ ቀልድ ነው። አንዳንዴ ግን መርዶ ነው። ኅዳር እስኪገባ ሦስት መርዶ ይዞ፣ ከሦስት ባለ ሐዘን ጋር ሳቀ፣ ሦስቱንም ብላ ብላ አለ። ሰዎች ደረጃው ላይ ሲያገኙት ፊቱን ማየት ጀመሩ። «ምሳ በላህ?» ብሎ መጠየቅ ጭራሽ ተወ፤ የጠየቀው ሰው ሁሉ ይገረጣል።

አንድ ቀን ለአለምነህ፦ «የእኔንስ ማን ያነባል?» አለው።

አለምነህ መጀመሪያ አልገባውም።

«እናቴ ጎንደር ናት» አለ መንበሩ። «ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የጎንደር ወሬ ለገዴራ ዘመዶቼ ነው የሚደርስ። እነሱ አፋቸውን ይይዛሉ። አንድ ሌላ ሰው ግን ሳያውቅ እንደ ሳጊ የጻፈ ጊዜ፣ መጀመሪያ የማነብ እኔ ነኝ። ብቻዬን። መጋዘን ውስጥ።»

አለምነህ ራሱን አከከ። «እንግዲያው ከገዴራ የሚጻፈውን እኔ አነባለሁ። አሳየኝ።»

ሁለት ሳምንት አስተማረው። ማንበቢያውን፣ ማሳለፊያውን፣ በመጨረሻም ሦስቱ ሜዳን ለሁሉም የምትዘጋውን ቁልፍ። «እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ ይህችን ትነካለህ። ማንም አይገባም።» አለምነህ በወፍራም ጣቱ ሞከራት። በረኛ ነውና ደስ አለችው፤ ታብሌቱንም ሥራ ቦታ ይዞ መሄድ ጀመረ።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሐሙስ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ መንበሩ መጋዘኑ ደረጃ ላይ ሆኖ ስልኩን ቢከፍት ሦስቱ ሜዳ የለም። ገጹ ባዶ ነው። ለአለምነህ ደወለ።

«አይከፈትም» አለ መንበሩ።

«እ? እኔ ጋም አይከፈትም» አለ አለምነህ። «ተበላሽቶ ይሆናል። አንተ፣ ምሳ በላህ ግን? ድምፅህ ደክሟል።»

መንበሩ ስልኩን ዘጋ።

በስልኩ ገብቶ በሩን መክፈት፣ ምን እንደተጻፈም ማየት ይችላል፤ ለእሱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ተንጠለጠለ። ከላይ የጫማው ማስታወቂያ፣ ከታች ጎሉ ታየው። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወደ እናቱ ደወለ፤ የጎንደር መስመር እንደ ልማዱ ዝም አለ። ደግሞ መደወል ፈራ፤ ሌላ ሰው ቢያነሣውስ? እስከ ማታ ካርቶን ቆጠረ። ቤት ሲገባ ዘሪቱ ምስር ወጥ አቀረበች። ፊቷን አየ፤ የድሮው ፊቷ ነው፤ ግን ያኔም ለአለምነህ የድሮው ፊቷ ነበር። የምታውቀው ነገር ካለ ብሎ አልጠየቃትም፤ የሚጠብቁትን ሰዎች እንዳያሳፍር። የሰጠችውን ሁሉ በላ።

ንጋት በአሥራ አንድ ሰዓት ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ በሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ዘሪቱ።

«ምንም።»

በአሥራ አንድ ተኩል ማንም አልመጣም። በአሥራ ሁለትም። ዐሥራ ሁለት ከሩብ ሲሆን ደረጃው ላይ እግር ተሰማ። መንበሩ ተነሥቶ ቆመ። ቆጠረ። አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን አያረዳም፤ ምናልባት ግን ሌሎቹ ከኋላ...

በሩን ከፈተ። አለምነህ ነው፤ ማልያውን ለብሷል፣ የኳስ ቦርሳውን አንግቷል። ከኋላው ማንም የለም።

«ያላ፣ ገዴራ እንሄዳለን፣ ሰርቨርህ...» ብሎ ሲጀምር የመንበሩን ፊት አየ። የተወለወለውን ጫማ አየ። በሩ ፊት ለፊት የቆመውን ወንበር አየ።

ቦርሳውን መሬት ጣለ። «መንበሩ! የለም፣ የለም። ምንም የመጣ ነገር የለም። እናትህ ደኅና ናት። ትናንት ያችን ቁልፍ ነክቻት ይሆናል፤ የነካሁ አልመሰለኝም። በእማዬ፣ በጠጅቱ ነፍስ እምላለሁ! ምንም የለም!»

መንበሩ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አለምነህ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያዘው። ከዚያ አለምነህን በአፍንጫው ሳቅ አመለጠው፤ መንበሩም ሳቀ፣ ሲስቅ ፊቱ ረጥቦ ነበር።

«ሌላ ጊዜ ሲጠፋ ወዲያው እነግርሃለሁ» አለ አለምነህ። «እውነት መበላሸቱን።»

«መርዶ ሲሆንም እንዲሁ ትለኛለህ» አለ መንበሩ።

አለምነህ የጣለውን ቦርሳ አነሣ።

አሮጌ ላፕቶፕ ነው። በወር ሁለት ጊዜ ራሱን ያጠፋል፤ ሲሞቅ ይጠፋል፣ መብራት ሲቆራረጥ ይጠፋል። መንበሩ ማማዱ ገብቶ ተንበረከከና ሦስቱ ሜዳን መልሶ ከፈተ። ከመዘጋቱ በፊት ገብተው ካደሩት ጽሑፎች ሠላሳ ሁለቱ የእሱን ንባብ ይጠብቁ ነበር፤ የገዴራዎቹ ዘጠኙ የአለምነህን። ዘጠኙን ሳያይ ከኳስ ቦርሳው የወጣውን ታብሌት ወደ ጓደኛው ገፋው፤ አለምነህ በወፍራም ጣቱ ገጹን እያንሸራተተ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ። መንበሩ የራሱን መክፈት ነበረበት። አልከፈተም። የአለምነህን ፊት ያይ ነበር።